ቢሮው ቤት የገባበት ክረምት

የአስማረ መሥሪያ ቤት በግንቦት መጨረሻ ደብዳቤ ጻፈ። ወረታ መገንጠያው ላይ የተከራየውን ክፍል ለቅቆ፣ ሠራተኛው ከእንግዲህ ከቤቱ ይሥራ ይላል። አስማረ ለሚስቱ ለፀገነት ሁለት ጊዜ አነበበላት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ፣ ጎረቤት ይስማ ብሎም ይሆናል። ጠረጴዛውና የሩዝ ዘር ፈላጊ ገበሬ የሚጻፍበት መዝገብ በባጃጅ መጡ።

«ከእንግዲህ አጠገብሽ ነኝ» አላት።

«እስከ ዛሬስ ባሕር ማዶ ነበርክ?»

ፀገነት ሌላ ሐሳብ ነበረባት። የአባቷ የአማረ ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ የበኩር ልጅ እሷ ናት። ተዝካሩን አውጥታ የትውልድ ቀዬዋን የቁሐር ሚካኤልን ሰው ልታበላ፣ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ሩዝ ጓዳ ቆልፋበታለች።

ቢሮው ቢሮ በነበረ ጊዜ ገበሬው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ስሙን አስጽፎ፣ ይሄድ ነበር። ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የመጣው የአባቷ የእርሻ ጎረቤት ያየህ ነው። ጭቃውን ደጃፉ ላይ አራግፎ፣ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ገባ።

«የእግዚአብሔር እንግዳ። አያ ያየህ፣ ይቀመጡ» አለች ፀገነት። መሶቡ ቀረበ።

«ኧረ እኔስ ለዘር ነበር የመጣሁት።»

«ዘሩስ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይቅመሱ።»

ሌላ ምን ትበል? ከቤት የገባ ሰው አፉን ሳያሟሽ ወጣ ከተባለ፣ ስሟ ከእሷ ቀድሞ ቁሐር ይገባል። ያየህ በማግስቱ ከቁሐር ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። በገበያ ቀን ዘር የማይፈልገውም አስማረን ሰላም ሊል ጎራ ይል ጀመር፤ ሰላምታው ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ይበረታል።

የቤቱ እህል ሐምሌን አልተሻገረም። ነሐሴ ላይ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ሩዙን ውኃ የበላበት ሁሉ ሊመዘገብ እየተንቀጠቀጠ መጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን በደረቁ ይሸኛል? ፀገነት የጓዳውን ቁልፍ ከአንገቷ ፈታች።

«ለአለቆችህ ንገራቸው» አለችው ለአስማረ።

ደወለ። «እንግዳ መቀበል የቤተሰብ ጉዳይ ነው አሉኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሣ።

«ታዲያ ሥራውስ የማን ጉዳይ ነው?»

መስከረም ላይ አለቃው አቶ ደስታው ከባሕር ዳር ሊጎበኝ መጣ። እሱም ከቤት የገባ ሰው ነውና ቀረበለት።

«ቢሮ ማለት ይሄ ነው» አለ እየጎረሰ። «ኪራይ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ አንድም ወጪ የለ። ለሌሎቹም ወረዳዎች ምሳሌ እናደርገዋለን።»

አስማረ ፈገግ አለ። ፀገነት ከጓዳው በር ቆማ፣ «ይጨመርልዎ?» አለች።

ተጨመረለት።

ጥቅምት ሲገባ ጓዳው ተጠርጎ አንድ ቁና አልሞላም። ፀገነት ቁሐር ወርዳ የአባቷ ንስሐ አባት ከነበሩት ከቄስ ዓለምነህ ፊት ቆመች።

«እህሉ ምን ሆነ ልጄ?» አሏት።

«ቁሐር በልቶታል አባቴ።»

«ሳይጸለይበት?»

«ሳይጸለይበት።»

ቄሱም፣ «እኛ ጸሎቱን እናደርሳለን። ድግሱ ለከርሞ ይሁን» አሏት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስትወጣ ያየህ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በሩ ላይ ተቀምጦ አገኛት።

«የአማረ ተዝካር መቼ ነው? እንጨት እንድንፈልጥ ቀኑን ንገሪን እንጂ።»

ፀገነት መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያበሉትን ሰው በልተኸኛል ማለት፣ ከነጭራሹ ካለማብላት ይብሳል።

«ዘንድሮስ አልሞላልኝም፣ አያ ያየህ» አለች።

«አልሞላልኝም?» ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ባልሽ ደመወዝተኛ፣ ቤትሽ መሥሪያ ቤት ሆኖ?»

ፀገነት ነጠላዋን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች። ያየህ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረ፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም።

«አየህ፣ ቢሮ ቤቷ ከገባ ወዲህ ሰሰተች። ለአባቷ እንኳ።»