መርዶ በመንገድ

«ፍጠኚ እንጂ!» አሉ አቶ ቢያዝን፣ ቁልቁለቱን በዱላቸው እየተመረኮዙ። «ዓይኗን ሳትከድን መድረስ አለብኝ።»

ያምሮት እርምጃዋን አፈጠነች። የአባቷ ብቸኛ እኅት፣ አክስቷ አልጣሽ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ አርፈዋል። ይህን የምታውቀው እርሷ ናት፤ አባቷ አያውቁም።

ከፈረስ ቤት የደወለላት የሟቿ ልጅ ፍጹም ነበር። ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከምታስተምርበት ክፍል ገና መውጣቷ ነበር። «እማዬ አርፋለች። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። አያ ቢያዝንን ይዘሻቸው ነይ፤ ‹በጣም ታማለች› በያቸው። እዚህ ሳይደርሱ ግን እንዳትነግሪያቸው።» የመጨረሻውን ባይጨምረውም ታውቀዋለች። መርዶ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ በተሰበሰበበት፣ የወደቀውን የሚያነሳ፣ ደረቱን የሚመታውን እጁን የሚይዝ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ማታ አባቷ የሚኖሩበት ገበዝ ማርያም እንደ ደረሰች ጎረቤት ጠርታ እዚያው ማርዳት ትችል ነበር። ከነገርኳቸው እግራቸው አይጸናም፣ ቀብሩም ያመልጣቸዋል ብላ ፈራች። በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ ግን አላሰበችም።

ቤተሰቡ ወደ ፈረስ ቤት የሚሄደው ፍኖተ ሰላም ወርዶ፣ በመኪና ዞሮ ነበር። ነጋዴና ተሳላሚ ሲመላለስበት የኖረውን የእግር መንገድ የገበሬው መሬት እንደገና ከተከፋፈለበት ከሽግሽጉ ዓመት ጀምሮ እርም ብለው ትተውታል። በዚያ ዓመት የአቶ ቢያዝን ታናሽ ወንድም ክንፈሚካኤል በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ጠፋ። የሟቹ ወገኖች የሚኖሩት ሁለቱን ወረዳዎች ከሚለየው ወንዝ ማዶ፣ መንገዱን ይዘው ነው። ሽማግሌ ቢቀመጥም እርቁ አልሰመረም። ገዳዩ በሌለበት ደሙ የሚፈለገው ከታላቅ ወንድሙ ከአቶ ቢያዝን ነው።

ጎህ ሲቀድ፣ «በመኪና እንሂድ፣ አባባ» ብላቸው ነበር።

«በመኪና ዞሬ ማንን ላገኝ? ሬሳዋን?» አሉና ዱላቸውን አነሱ።

ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ጠበበ። በግራ በኩል ገደል ነው፤ በቀኝ በኩል ግማሹ የታጨደ የጤፍ ማሳ ሽቅብ ይወጣል። ከማሳው ጥግ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ መንገዱ ላይ ወረደ።

«እንዴት አረፈዳችሁ?» አለ። ሰላምታው የደንቡ ነበር፤ ጠመንጃው ግን ከትከሻው ወርዶ በእጁ ገብቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጅጉ» አሉ አቶ ቢያዝን።

ያምሮት ስሙን ታውቀዋለች። እጅጉ አጎቷ የገደለው ሰው ወንድም ነው።

«አያ ቢያዝን! መንገድ ጠፍቶዎት ነው?»

«አልጠፋኝም። እኅቴ ታማብኛለች።»

«ታማብኛለች?» እጅጉ ቃሉን ደግሞ ዓይኑን ወደ ያምሮት መለሰ። የቀብር ጡሩምባ ትናንት ማታ በዚህ ሸንተረር ሁሉ ተነፍቷል። ሰውየው እንደሚያውቅ ከአስተያየቱ ተረዳች። «ማን ነው ታማለች ያለዎት?»

«ልጄ ናት። አስተማሪ ናት፤ አትዋሽም።»

«እርግጥ ነው፤ አስተማሪ ምን ቆርጦት ይዋሻል» አለ እጅጉ፣ ዓይኑን ከእርሷ ሳያነሳ።

«ስማኝ፣ እጅጉ። ልትተኩስ ከሆነ እኅቴን አይቼ ስመለስ ተኩስ። በዚሁ መንገድ እመለሳለሁ።»

እጅጉ ሳያስበው ሳቀ። «ቀጠሮ ሰጥቶ የሚሞት ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» ወዲያው ፊቱ መልሶ ጠቆረ። «ነገሩ በእኔ ብቻ አይደለም። የወንድሜ ልጅ፣ ደረሰ የሚባለው፣ ከላይ እያጨደ ነው። አባቱን መልኩን እንኳ አያስታውሰውም፤ ደሙን ግን አልረሳም። ለቅሶ የሚሄድ ሰው በእኛ አገር በደም አይጠየቅም፤ እርሱም ይህን አይሽርም። በሽተኛ ሊጠይቅ ለሚሄድ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ይመለሱ።»

«አልመለስም» አሉ አቶ ቢያዝን፤ አንድ እርምጃም ወደፊት ተራመዱ።

ከማሳው አናት ፉጨት ተሰማ። አንድ ወጣት ማጭዱን ጥሎ ወደ ግራሩ ሮጠ፤ ከቅርንጫፉ ላይ ጠመንጃ ሲያወርድም ያምሮት አየች።

«አንቺ፣ አስተማሪዋ» አለ እጅጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚነገር ነገር ካለ ከአንቺ ነው። ከእኔ አፍ ቢወጣ ነውር ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ አባቷ።

ገደሉን አየች። አባቷን ገፋ አድርጋ ከጠርዙ ወደ ማሳው በኩል አስጠጋቻቸው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው።

አቶ ቢያዝን ነጠላውን ተመለከቱት።

«መቼ?» አሉ።

«ትናንት።»

«እኔ ለምን…» ዱላቸው ወደቀ፤ «አልጣሽ! እኅቴ!» ብለው ደረታቸውን እየመቱ ወደ ገደሉ ተንገዳገዱ። ያምሮት ወገባቸውን ያዘች፤ ብቻዋን ግን አልቻለችም። እጅጉ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ወርውሮ በሁለት እጁ የእጃቸውን አንጓ ጨበጠ።

«ይበቃዎታል፣ አያ። እግዜር ያጥናዎት። ይበቃዎታል።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም የደነገጠ መሰለ። አባቷ እጃቸውን ለማስለቀቅ ታገሉ፤ አልለቀቃቸውም። ሲደክማቸው ከሳሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ቀና ብሎም ጮኸ።

«ደረሰ! ለቅሶ ነው! ለቀስተኞች ናቸው!»

ወጣቱ ጠመንጃውን እንደያዘ ከግራሩ ሥር ቆሟል።

«ሰምቷል» አለ እጅጉ። «መታዘዙን ግን አላውቅም። ከእኛ መሬት እስክትወጡ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።» ጠመንጃውን ከጀርባው መልሶ በእጁ ያዘ። «ከፊት ከሆንኩ እጄን እያያችሁ ትሄዳላችሁ፤ እርሱ ግን ከኋላ ያገኛችኋል። ከኋላ ከሆንኩ እኔን ሳይመታ እናንተን አያገኝም። ያን ጊዜ ደግሞ እኔን አታዩኝም። የቱ ይሻልሻል?»

ያምሮት ጠመንጃውን፣ ከዚያም የሰውየውን ፊት አየች። ፊቱ ላይ ምሕረት አልነበረም፤ ድካም ግን ነበረ። አባቷን ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው፤ ጠባቡ መንገድ ወደሚወጣበት አቅጣጫም መለሰቻቸው።

«ከኋላችን ይሁኑልን» አለችው፤ ዞራም ሳታየው መሄድ ጀመረች።