ሽመላ ለማየት የወጡ ሰባት ሰዎች

ተናኘ ግትር ናት። ይህን ኮልፌ ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ብርሃኔ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ሲገባ አወቀው።

ሥራዋ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ማጠብና መደርደር ነው። ልቧ ግን ወፍ ላይ ነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ አንዳንዱ ካርታ ይወዳል፣ አንዳንዱ ጠላ ይወዳል፣ እሷ ወፍ ትወዳለች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሷ የሚያደርጋቸው ስድስት ሰዎች አፈላልጋ አገኘች፦ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት አቶ መኳንንት፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው እሙ፣ ባልና ሚስት መምህራን፣ ከአስኮ ወተት የሚያመጣው ቀጄላ፣ አናጢው ፅጌ። እስከዚያ ጥቅምት ድረስ በየአጥሩ ሥር ሁለት ሦስት እየሆኑ ተንሾካሹከው ነበር የሚለያዩት። ሰባቱም አንድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ዘንድሮ አንዴ እንኳ እንገናኝ አለች። ሽመላ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ከባሕር ማዶ ይመጣና ቆሼ ላይ ይወርዳል። ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ቆሻሻ ለሽመላ ድግስ ነው። ከቆሼ በላይ ባለው ጉብታ እሁድ ጠዋት ተገናኝተው፣ በእሙ አቅርቦ ማሳያ መነጽር በየተራ እያዩ፣ መንጋውን ሊቆጥሩ፣ የያዙትን ዳቦ ቆሎ ሊቃመሱ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። በዚያ ቀበሌ ከአምስት ሰው በላይ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ተናኘ በደንቡ መሠረት ማመልከቻ ጻፈች፤ ሰባቱንም ስም ዘርዝራ ይዛ ሄደች።

«ወፍ?» አለ ጓድ ብርሃኔ።

«ሽመላ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጭላትም አይጠፋም።»

ጣቱን በስሞቹ ላይ ቁልቁል ሲያወርድ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ቆመ። «ፅጌ! ይሄ ጴንጤው አይደለም እንዴ?»

ነው። አምና ከአራት ጓደኞቹ ጋር በገዛ ቤቱ ሲዘምር ተገኝቶ ስምንት ወር ታስሯል። በገዛ ቤቱ!

«እኔ እዚህ ወረቀት ላይ ወፍ አይታየኝም፣ ጸሎት ነው የሚታየኝ» አለና እስክሪብቶ አቀበላት። «ስሙን ሰርዢውና ማኅተሜን ልምታልሽ። ስድስት ሆናችሁ ሂዱ።»

ፈርታ ነበር፤ ምን ያዋሻል። እስክሪብቶውን ግን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያለ እሱ ከሆነ ወረቀቴን ይመልሱልኝ።»

«ያለ ፈቃድ አንድ ላይ ባገኛችሁ ሰባታችሁንም ነው የምከረችማችሁ!»

«ሰምቻለሁ» አለችና ወጣች።

ወሬው በማግስቱ አቶ መኳንንት ጆሮ ደረሰ። ዣንጥላቸውን ይዘው ቤቷ መጡ።

«ስሙን ብትሰርዢው ምን ነበረበት ልጄ? እሱም አይቀየምሽም። በስተርጅና ከጴንጤ ጋር ታሰረ ልባል? የደብሩ ሰው ምን ይለኛል?»

«ጋሼ መኳንንት፣ ክረምት ላይ ያችን ወፍ ሳያያት፣ በድምፅዋ ብቻ ለይቶ የነገረዎት ማነው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው ከፈለጉ እርስዎ ይቅሩ እንጂ እሱ አይቀርም።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ደህና ዋይ እንኳ ሳይሏት ወጡ።

ማታውኑ ደግሞ ራሱ ፅጌ መጣ። «እትዬ፣ እኔ ልቅር። መገፋቱን ለምጄዋለሁ» አለ።

«እኔን ያናደደኝ መልመድህ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችው። ብቻውን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ስብሰባ አይባልም። እያንዳንዳቸው መቶ መቶ እርምጃ ተራርቀው ጉብታው ላይ ይቀመጣሉ፤ መንጋውን ያየ መሀረቡን ያነሳል። ለቆጠራም ቢሆን እንዲያ ይሻላል፤ አንዱን ያመለጠውን ሌላው ያየዋል። በማግስቱም ይህንኑ ለሁሉም ላከችባቸው፤ ለአቶ መኳንንትም ሳይቀር።

እሁድ አንድ ሰዓት ላይ ከአቶ መኳንንት በቀር ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ተናኘ ከመንገዱ አፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፅጌ ከሁሉም ራቅ ብሎ ዳር ላይ። አቶ መኳንንት ይቀራሉ ስትል ዘግይተው መጡ። ቀና ብለው ሳያዩዋት አለፉ። የተረፈው ቦታ ከፅጌ ቀጥሎ ያለው ብቻ ስለነበር እያጉረመረሙ እዚያው ተቀመጡ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን አብዮት ጠባቂው ሀያቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከች አለ።

«እትዬ ተናኘ፣ ስብሰባው የት ነው?»

«እስቲ ፈልገህ አግኘው። እኔ እንደምታየኝ ብቻዬን ነኝ።»

ሀያቱ ራሱን አከከና ሽቅብ ወጣ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ። ዳር ሲደርስ ቆመ። ተናኘ ከሩቅ ፅጌ ሲነሳ አየች፤ ጠመንጃው ከኋላው ሲሆን አየች። ለካ ሰውየው ስብሰባውን ቢያጣ ልጁን ብቻውን አምጣ ተብሎ ኖሯል! ያቺ መቶ መቶ እርምጃ ብልሃቷ ልጁን ብቻውን አስበላችው። ሞኝ፣ ሞኝ አለች ራሷን።

መመለሻው ያው አንድ መንገድ ነው። ሁለቱ ቁልቁል ሲመጡ አቶ መኳንንት ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ቤታቸው ሊሄዱ ነው ብላ አሰበች። አልሄዱም፤ ከፅጌ ኋላ ገብተው መራመድ ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። ቀጄላ ተነሳ። መምህራኑ ተነሱ። እሙ ተነሳች። ተናኘ ጋ ሲደርሱ ስድስት ሆነዋል፤ እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ከፅጌ ጎን ገባች።

«ኧረ በፈጣሪ ተበተኑ!» አለ ሀያቱ። «ከአምስት በላይ ሆናችሁ እኮ!»

«ካንተ ጋር ስምንት ነን» አለችው።

በዚህ መሀል እሙ መሀረቧን አነሳች። ሽመላዎቹ በስተሰሜን ሰማዩን ሞልተው፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየተሽከረከሩ መጡ። ሁሉም ባለበት ቆመ፤ ሀያቱም አንጋጠጠ። ፅጌ ሃያ ሃያውን እየገመደለ ጮክ ብሎ ሲቆጥር አንድም ሰው አላቋረጠውም። አምስት መቶ አርባ ሲል ሀያቱ በጠመንጃው አፈሙዝ ሳይሆን በጣቱ አሳይቶ፣ «እነዚያን ዘለልካቸው» አለው።

ቀበሌው ግቢ ሲደርሱ ጓድ ብርሃኔ በረንዳው ላይ ነበር። የእሁዱን ጠቅላላ ስብሰባ ሊመራ ልብሱን ተኩሶ፣ ከበላዩ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚመጡትን እንግዶች ይጠብቃል።

«አንድ ሰው ነው ያዘዝኩህ!» ብሎ ሀያቱ ላይ ጮኸ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ስድስታችሁ ወደ ቤታችሁ! እሱ ይቀራል።»

የተንቀሳቀሰ የለም።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደሉም እንዴ? ከዚህ ጴንጤ ጋር ምን ያደርጋሉ?» አለ።

«ሽመላ አያለሁ» አሉ አቶ መኳንንት። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና የዳቦ ቆሏቸውን ቋጠሮ ፈተው መጀመሪያ ለፅጌ ዘረጉለት። ሌሎቹም አጠገባቸው ተቀመጡ።

የቀበሌው ሰው ለስብሰባው በበሩ ይጎርፍ ጀመር። ያየ ሁሉ ይቆማል፤ ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቃል። ተናኘም ለጠየቃት ሁሉ ጮክ ብላ፣ «ወፍ ስናይ ተይዘን ነው» ትላለች። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። የእንግዶቹ ላንድሮቨር ድምፅ ከፌርማታው በኩል ተሰማ። የጓድ ብርሃኔ ግንባር በላብ ራሰ።

«እንግዶቹ ሳይመጡ ውጡልኝ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስንታችን?» አለች ተናኘ።

ሰውየው በሩን አየ፣ ፅጌን አየ፣ ጥርሱን ነከሰ። «ሁላችሁም! ሁላችሁም ጥፉ ከፊቴ!»

ፅጌ ቶሎ አላመነም፤ ቆሎውን በእጁ እንደያዘ ዙሪያውን ተመለከተ። ሌሎቹም ዓይናቸውን እሱ ላይ አድርገው ጠበቁ። እሱ እስኪነሳ ድረስ ማንም አልተነሳም።