ለአራት ሰው የተመደበ

መሥሪያ ቤት ያወጡላት ስም «ሚዛን» ነው። በቀለም ፋብሪካው መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ አንዲት ጣሳ ጎድላባት የማታውቅ ሴት ናትና ስሙ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም። ቤቷንም የምታስተዳድረው ልክ እንደ መጋዘኑ ነው። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች፤ ርዕሱ «የወር አስቤዛ፦ ለአራት ሰው» ይላል። ከሥሩ ዘይቱ፣ ሩዙ፣ ምስሩ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው ሳይቀር በየመጠኑ ተዘርዝሯል። ደመወዝ በወጣ ማግስት የአስቤዛው ገንዘብ አራት ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ለየሳምንቱ አንድ። የዚህን ሳምንት ሳይጨርሱ የሚቀጥለውን መክፈት በዚያ ቤት ከስርቆት አይተናነስም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የምትለውን ተረት ሳትናገር አትውልም። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ሲሰለቸው፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ይመልስላታል። ተያይተው ይስቃሉ። ያኔ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

አባቷ አንድ ሻንጣና አንድ የመሣሪያ ሳጥን ይዘው የመጡት ከሰባት ወር በፊት ነው። ሃምሳ ዓመት በአናጢነት ኖረው ዓይናቸው ደከመ፤ የቤት ኪራዩም ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት በሆናት በልጇ በሚጣ ክፍል ውስጥ አልጋ ተዘረጋላቸው። የሚጣ ታላቅ ወንድም፣ ጎረምሳው፣ ሻንጣቸውን ተሸከመላቸው፤ ሹፌሩ «ቤት ለእንግዳ» አለ፤ ሁሉም ከልቡ ደስ አለው። ወረቀቱን መቀየር ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገንዘቡ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እልም አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሚዛን አባቷን ክፉ ቃል ተናግራቸው አታውቅም። ድስት ግን ታጋጫለች። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ለባሏ፣ «ሂሳቡ የተሠራው ለአራት ሰው ነው፤ ከየት አምጥቼ ልሙላው?» አለች። ወጥ ቤቱን ከሚጣ ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ስስ ኮምፔርሳቶ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ ደግሞ ከአናጢ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሦስተኛው ወር ሂሳቡ ገጠመ። በአራተኛው ወር ስኳር ተረፈ። በአምስተኛው ምስርም ዘይትም ተረፈና ሚዛን ከደስታዋ ብዛት ወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ አንዲት ኮከብ ሣለች። ሚጣም ከእናቷ ጎን ቆማ አጨበጨበች።

አባባ ሂሳቡ ከገጠመበት ወር ጀምሮ ረፋድ ላይ የመውጣት ልማድ አምጥተዋል። ድሮ ሙያ ያስተማሯቸው ልጆች የከፈቱት የእንጨት ሥራ ቤት አለ፤ «ከልጆቹ ጋር እበላለሁ» ይላሉ። ማታ ሲመለሱ «ምሳው ከብዶኛል፤ ሻይ ይበቃኛል» ብለው ሳህናቸውን ራሳቸው አጥበው ያስቀምጣሉ። ሚዛን ለጎረቤት ሁሉ «አባቴ እኮ ምንም አያስቸግሩም» እያለች ታወራለች። አንድ ጠዋት ከክፍላቸው የመዶሻ ድምፅ ሰማችና ገብታ ስታይ ቀበቷቸውን በምስማር እየበሱ ነው። «ቆዳ ሲያረጅ ይለጠጣል» አሏት። ከወር በኋላ ሌላ ቀዳዳ በሱ። የሚመች ነገር ሲነገር ማን ይመረምራል? አመነቻቸው።

በሰባተኛው ወር ኦዲተሩ ለቆጠራ መጋዘን መጣ። ሳቅ የማያውቅ ቀጭን ሰው ነው። በፋብሪካው ቀለም ቀማሚዎች የኬሚካሉን ጉዳት ይቀንስላቸዋል ተብሎ በየቀኑ አንድ አንድ ፓኬት ወተት ይታደላቸዋል፤ ወተቱ የሚወጣውም በሚዛን የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ነው። ተቆጥሮ ሲያበቃ አሥራ ስምንት ፓኬት ተርፎ ተገኘ።

«ጉድለት አይደለም፤ ትርፍ ነው» አለች ሚዛን ፈገግ ብላ።

ኦዲተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ወተት መጋዘን ውስጥ አይዋለድም። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ሳይጠጣ ቀርቷል ማለት ነው። ማን ነው እሱ?»

ሰውየው ተፈልጎ ተገኘ። የመጨረሻው በርሜል ጋ የሚሠራ ቀማሚ ነው፤ ሆዱ ምንም አልቀበል ካለው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ከሥራ ያባርሩኛል ብሎ ፈርቶ ዝም ብሏል። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ በየቀኑ በፊቷ ሲያልፍ አላየችውም።

ሚዛን ስኳሩ ትዝ አላት። ምስሩ ትዝ አላት። ኮከቧም ትዝ አለቻት። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ ፈቃድም ሳትጠይቅ ወጥታ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ሄደች።

«አባባ እዚህ ናቸው?» አለችው ዋናውን አናጢ።

«አሁን ወጡ። እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብለው ሲያዩን አረፈዱ።»

«ምሳ በሉ?»

«እሳቸው? ኧረ በየቀኑ ለምነን ለምነን ደክሞናል! ‹ልጄ ሳልበላ ከቤት አታስወጣኝም› ነው የሚሉን። እኛማ እንዴት ያለች ልጅ ሰጥቷቸዋል እያልን እንቀናለን።»

አናጢው ይህን ያለው በቅንነት ነው። ሚዛን ግን በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ነደደ። መንገዱን እየሮጠች ወደሚኖሩበት ሕንፃ ተመለሰች። አባቷን ያገኘቻቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ይህን ደረጃ የለካው ማን ነው?» አሏት ለመሳቅ እየሞከሩ። «ዛሬ ረዘመብኝ።»

ልታነሳቸው ክንዳቸውን ስትይዝ ከኮቱ ውስጥ ያገኘችው የመጥረጊያ እንጨት የሚያህል ነገር ነው። ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ መርምራ፣ ደም አስመርምራ፣ በመጨረሻ ሚዛንን ለብቻዋ ጠራቻት። «በሽታ የለባቸውም። ያጡት ምግብ ነው» አለቻት። «ሁለት ሳምንት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ…» ብላ ቀሪውን ሳትጨርስ ተወችው።

በዚያ ምሽት ቤተሰቡ ሁሉ ወጥ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ሚዛን አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «ለምን አባባ? ለምን እንዲህ አደረጉኝ?»

እሳቸው በአገጫቸው ወደ ቁም ሳጥኑ አመለከቱ። «ወረቀቱ አራት ይላላ፣ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልኬት የኖርኩ ሰው ነኝ። ለአራት እግር የተቆረጠ እንጨት አምስተኛ እግር አያወጣም። ከልጆቹ አፍ ከምነጥቅ ብዬ ነው።»

ሚዛን ጮኻ አለቀሰች። አፈረች፤ በራሷም ተናደደች። ተነሥታ ቀይ እስክሪብቶ አመጣችና «አራት» የሚለውን ሰርዛ «አምስት» ብላ በትልቁ ጻፈች። ሹፌሩ «ይኸው ወረቀትም የያዘውን ለቀቀ!» ሲል ሁሉም በእንባ መካከል ሳቁ። ሚጣ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቱ ፊት ቆማ ቀዩን ጽሑፍ ደጋግማ ታነበዋለች።

በሳምንቱ ደመወዝ ወጣ። ገንዘቡን ቆጥሮ ፖስታ ውስጥ መክተት የሚጣ ሥራ ነው፤ በቁጥር የእናቷ ልጅ ናት።

«እማዬ፣ ስንት ስንት ላድርግ?» አለች።

ሚዛን ለአባቷ ሾርባ እያማሰለች ነበር። «እንደ ወትሮው» አለች ዞር ሳትል።

ወሩ በሰላም ሄደ። አባባ ዓይኗ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ፤ ከቀበቷቸው አንድ ቀዳዳ ለቀቁ፤ ደረጃውንም ሳያርፉ መውጣት ጀመሩ። ገንዘቡም እንደምንም በቃ። እንዴት በቃ ብላ አልጠየቀችም። መጋዘን ውስጥ ካርዱ ከታረመ ነገሩ አለቀ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው እንዲያ ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ለቁርስ ዳቦ ልትገዛ ከእራት ተነሥታ የመጨረሻውን ፖስታ ከፈተች። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ለሁለት ቀን የሚበቃ ትርፍ አለ። አምስት ሰው በአራት ሰው ገንዘብ ወር ሙሉ በልቶ ተረፈው ማለት ነው። የኦዲተሩ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ፖስታውን እንደያዘች ዳቦውንም ሳትገዛ ወደ ማዕዱ ተመለሰች።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። ሹፌሩ ጉንጩን ሞልቶ ያላምጣል። ጎረምሳው ሁለተኛ ሳህኑን እየጠረገ ነው። አባባ ቀስ እያሉ ነው፤ ግን ይበላሉ። የሚጣ ሳህን ጠረጴዛው ላይ የለም። ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ሚጣ፣ በላሽ?»

«ምሳ ከልጆቹ ጋር በላሁ፤ ከብዶኛል። ሻይ ይበቃኛል።»

የአባባ ማንኪያ አፋቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ሚዛን ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። የቀሚሷ ወገብ ከኋላ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከእሱ አለፍ ብሎ ሁለተኛ መርፌ ቁልፍ አለ። አቅፋ ስታነሳት ክንዷ ለለመደው ክብደት ተዘጋጅቶ ነበርና በባዶው ወደ ኋላ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ለምን የኔ እናት? አምስት ብዬ ጽፌ የለም ወይ?»

«ጻፍሽ እንጂ ፖስታው ውስጥ የጨመርሽው የለም» አለች ሚጣ። «ስጠይቅሽ ‹እንደ ወትሮው› አልሽኝ።» ከዚያ አያቷ እንዳይሰሙ አፏን እናቷ ጆሮ ላይ ለጠፈች። «ግድ የለም እማዬ፣ ገጥሟል። ኮከብ ትሥዪበታለሽ?»