ከእጄ የበላው ፈረስ

ጓዴ የሚባል ሰው የቀበሌ ጸሐፊ ሲሆን ምን ይደረጋል? «ጓድ ጓዴ» እያሉ ከሞጣ እስከ ቢቸና ይስቁብኝ ነበር። እኔም በተራዬ በተረታቸው እስቅ ነበር።

ተረቱ ይህ ነው። ድሮ አንድ ፈረሰኛ «ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ እደርሳለሁ» ብሎ ዘመተ። በበዓሉ ቀን ፈረሱ ኮርቻ እንደተጫነ ብቻውን መጣ፤ የማንንም ገብስ አልቀምስ ብሎ ከሟቹ እናት እጅ ብቻ በላ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጉግሱ ሳይጀመር አንድ ነጭ ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ሜዳውን ይዞራል። ሰው ያዘመተ ሁሉ በመዳፉ ገብስ ይዘረጋለታል። ከእጁ የበላለት የዘመተበት ሞቷል ብሎ ያለቅሳል፣ ፈረሱ ያለፈው እልል ይላል።

በ1978 ጥር ላይ የጎረቤቴ የእትዬ ይርጋነሽ ልጅ ደምለው ሰሜን ግንባር መሞቱን የሚገልጽ ወረቀት ደረሰኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር «በዓሉ ይለፍ፤ ለቅሶ እንዳይነሳ» አለኝ። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከተትሁት። በተረት ባላምንም ፈራሁ፤ ፈረሱ ከእጃቸው ቢበላስ? የጠገበ ፈረስ ገብስ አያምረውም ብዬ፣ በበዓሉ ማለዳ አንድ ቁና ገብስ ይዤ ወደ ጋጣው ሄድሁ።

ፈረሱ ቁናውን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ውኃ ነክሬ ባቀርብለትም እምቢ አለ። ተናድጄ በመዳፌ ዘግኜ አፉ ሥር ብዘረጋለት፣ ዝም ብሎ በላ። ቁናው እስኪያልቅ እንዲሁ ከመዳፌ ብቻ በላ። ከንፈሩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። እኔ ሞኙ በብልጠቴ እየተደሰትሁ ሄድሁ።

ሜዳው ላይ ፈረሱ ሁሉንም አለፈ። እትዬ ይርጋነሽ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎም አላየ። «ልጄ አለ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት፤ ሮጠው መጥተውም አንገቴን አቀፉኝ። ፈረሱ ግን ዙሩን ትቶ ተከትሏቸው መጣና ፊቴ ቆመ። መዳፌን ይልስ ጀመር።

ፈረሱን የሚጠብቁት አባ ወልደ ሰንበት እጅጌዬ ላይ የተጣበቀውን የገብስ ፍሬ አዩ።

«ጠዋት ያበላኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ግን...»

«ከቁናው ነው ከእጅህ?»

ታናሽ ወንድሜ ፋንታ ከደምለው ጋር በአንድ ቀን ዘምቶ፣ አንድ ሻምበል ውስጥ ነበር። ስለ እሱ ወረቀት አልመጣም ብዬ በሰላም እተኛ ነበር።

«ከእጄ» አልሁ።

እትዬ ይርጋነሽ እልልታቸውን ዋጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደገና አቀፉኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ደምለው ሲመጣ ወንድም ይሆንሃል» አሉኝ።

ደረታቸው ላይ ሲያስጠጉኝ፣ በመካከላችን ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።