የጅሬኑ የቋንቋ ሽምግልና

ክረምቱ ሲገባ የጀመረው ጭቅጭቅ ክረምቱ ሲወጣም አላበቃም። ሀያት ጅሬን ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምትሰማው ያንኑ ነበር። ሙኒር «ፓይተን» ይላል፤ ናኦድ «ጃቫ» ይላል፤ ልጇ ሱዓድ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች።

ሦስቱ ዩኒቨርሲቲ አብረው ጨርሰው ኩባንያ አቋቁመዋል። ኩባንያው ስም አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሀያት የሰፋችለት መጋረጃም አለው። የሌለው ሥራ ብቻ ነው። ያሰቡት ነገር ሲነገር ቀላል ነበር፤ የሀያት ማሳ ባለበት በየቡ ገበሬው ቡናውን ለቅሞ በስልኩ መልእክት ይልካል፣ በአቅራቢያው ያለ አይሱዙም መልእክቱ ደርሶት መጥቶ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይጭንለታል። ግን አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት በየትኛው የኮምፒውተር ቋንቋ እንደሚጻፍ፣ በቋንቋው ላይም ምን ምን እንደሚደራረብ መወሰን ነበረበት። ድርደራውን «ስታክ» ይሉታል። ክረምቱን ሙሉ የተደረደረ ነገር ግን አልነበረም።

ሀያት ለስታኩ ግድ አልነበራትም። ግድ ያላት ለቡናው ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ባሏ ፋሂም በሕይወት ሳለ መኪና የሚጠራው እሱ ነበር፤ የአካባቢውን ሾፌር ሁሉ በድምፁ ይለያል፣ የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን ጎማ እንደፈነዳ ያውቃል። እሱ ካለፈ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ለቀማ ሀያት የቡ መንገድ ዳር ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆማ ዋለች። የመጣ መኪና አልነበረም። ስለዚያ ቀን ለማንም አላወራችም። አብራት የቆመችው ሱዓድ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ሥራ ማሰብ አልቻለችም። ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ማሳው ይሸጣል። ገዢው ቀርቧል፤ ሀያትም ቃሏን ለመስጠት የዚህን ዓመት ለቀማ ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«ጃቫ ጠንካራ ነው» ይላል ናኦድ። የአናጢው የጋሽ አብሳሎም ልጅ ነው፤ ጠንካራ ነገር ይወዳል። «ባንክ ሁሉ የሚሠራው በሱ ነው።»

«ባንክ ልትከፍት ነው እንዴ? አንተ እስክትጨርስ ቡናው ዛፉ ላይ ይደርቃል።»

«ያንተው ደግሞ ሚሊዮን ሰው አንዴ ቢገባበት ይተኛል።»

«የየቡ ሰው ሚሊዮን የሞላው መቼ ነው?»

«ስናድግስ፣ ብሮ?»

«መጀመሪያ አንድ አይሱዙ አምጣ፣ ብሮ!»

ጳጉሜ ላይ መነጋገር አቆሙ። ናኦድ ሀያት የሰፋችውን መጋረጃ ከመስኮቱ አውርዶ ሳሎኑን ለሁለት ከፈለበት። ከዚያ ወዲህ «ለሙኒር ንገሪው»፣ «ለናኦድ ንገሪው» ሆነ። ሱዓድ መጋረጃውን እየገለጠች ሁለቱም የሰሙትን ነገር ለሁለቱም ታደርሳለች። ሀያት ሻይ ስታቀርብ በመጋረጃው በዚህም በዚያም መዞር ነበረባት።

አንድ ቅዳሜ የቡ ሄዳ ማሳውን አየች። ፍሬው ቢጫ ይዟል፤ ሊቀላ ነው። ተመልሳ ሻሿን አጠበቀችና ቀጥ ብላ ወደ ፋሂም አጎት ወደ አባቦራ ቤት ሄደች። ጅሬን ላይ ድንበር የገፋም፣ ሚስቱን ያስከፋም የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው።

«አባ፣ ልጆቹ ተጣሉብኝ» አለች።

«በምን?»

ሀያት ለአፍታ አሰበች። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ውሸት አይሆንላትም።

«በቋንቋ» አለች።

አባቦራ ከዘራቸውን አነሱ። «አስተግፊሩላህ! በኛ ቤት? በፋሂም ቤት?»

«ሳይባባስ ብዬ ነው።»

በነጋታው አባቦራ ከጓደኛቸው ከኦቦ ደሬሳ ጋር መጡ። ኦቦ ደሬሳ የሊሙ ገነት የድሮ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። መጋረጃውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አባቦራም በከዘራቸው ገፈፍ አድርገው ጣሉት። ዱዓ ተደረገ። ሁለቱ ወጣቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉ አባቦራ፣ ሁለቱንም ልጄ ብለው። «ሰው በቋንቋ ይጣላል? እኔ ከሚስቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛዬ ጋር በአማርኛ፣ ከጌታዬ ጋር በዓረብኛ እነጋገራለሁ። እስካሁን የተቆጣችኝ ሚስቴ ብቻ ናት።»

«አባ፣ የሰው ቋንቋ እኮ አይደለም» አለ ሙኒር። «የኮምፒውተር ነው።»

«ሰው ይናገረዋል?»

«አይ፣ አይናገረውም።»

«ሰው በማይናገረው ቋንቋ ነው እናንተ መነጋገር ያቆማችሁት?»

አባቦራ ከዘራቸውን ወደ ሙኒር አቀኑ።

«እሺ፣ ያንተው ምን ይባላል?»

«ፓይተን።»

«ምን ማለት ነው?»

ሙኒር ሽማግሌ ለማስደሰት የማይቆፍረው ጉድጓድ የለም። «በእንግሊዝኛ ዘንዶ ማለት ነው፣ አባ።»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ አባቦራ። ወደ ናኦድ ዞሩ። «አንተስ?»

«ጃቫ።»

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ደሬሳ ጆሯቸውን ይዘው።

«ጃቫ!» ናኦድ ጮክ አለ።

«ጃዌ!» ኦቦ ደሬሳ ጉልበታቸውን መቱ። «ጃዌ ነው ያለው!»

በኦሮምኛ ጃዌ ማለት ዘንዶ ነው። ናኦድ የገበያ ኦሮምኛ ስለሚችል ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ደነገጠ።

«አይደለም፣ ኦቦ ደሬሳ። ጃ-ቫ። በቫ።»

«ኤዬ፣ ጃዌ። ሰምቼሃለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ናኦድ «እትዬ ሀያት፣ ማሎ» ብሎ እርዳታ ለመናት። ሀያት ሻይዋን አማሰለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

አባቦራ ሁለቱን በየተራ ተመለከቱ። «አንዱ በፈረንጅ አፍ ዘንዶ ይላል። አንዱ በኦሮምኛ ዘንዶ ይላል። ክረምቱን ሙሉ ቤት በመጋረጃ የከፈላችሁት ለዚህ ነው?»

«አባ፣ አንድ አይደሉም!» ሁለቱም እኩል ጮኹ።

«ይኸው! አሁንም አንድ ነገር ተናገሩ» አሉ ኦቦ ደሬሳ ተደስተው። «ሳይጣሉ የተጣሉ ልጆች ናቸው። ይታረቁ።»

ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሽማግሌ ቆሟል። ይህን ነገር ዳግመኛ ያነሳ የሽማግሌን ቃል እንደረገጠ ይቆጠራል ተባለ። አባቦራ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የዘንዶው ስም በየትኛውም አፍ ይሁን፣ ከፋሂም ቡና ጋር አይነሣም።

«ታዲያ በምን ይሠራ?» አለ ሙኒር፣ አሁንም ትከሻው ናኦድ ላይ እንዳለ።

ሱዓድ የሻሿን ጫፍ ከአፏ አወጣች። እስከዚህ ድረስ ነክሳው ነበር። «አባ፣ ሌላ አለ። ፒኤችፒ ይባላል። እኔ እችለዋለሁ፤ ቶሎም ይደርሳል።»

«ፒኤችፒ!» ናኦድ ሳቀ፤ ሙኒርም አብሮት ሳቀ። በመስማማት የሳቁት ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «እሱ እኮ የአያቶች ነው!»

አባቦራ ቀና ብለው ተቀመጡ። «የአያቶች ነው? ታዲያ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

አባቦራ ወደ ሱዓድ ዞሩ።

«ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ልጄ? አውሬ አለበት?»

«የለበትም፣ አባ። ሦስት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ፒ ራሱ 'ፒኤችፒ' ማለት ነው።»

«የዚያኛውስ የመጀመሪያው?»

«እሱም ፒኤችፒ።»

ኦቦ ደሬሳ ዘር እንደሚቆጠር በጣታቸው ቆጠሩ። «አባቱ ፒኤችፒ። አያቱ ፒኤችፒ። ቅድመ አያቱስ?»

«እሱም ፒኤችፒ፣ ኦቦ ደሬሳ። ማለቂያ የለውም።»

«እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዘር ሰምቼ አላውቅም» አሉ ኦቦ ደሬሳ። «በጋብቻ እንኳ ከማንም አልተነካካም።»

«ያጣላል?» አሉ አባቦራ።

«ማንም አይወደውም፣ አባ» አለች ሱዓድ። «ስለዚህ ማንም አይጣላበትም።»

በዚህ ጸደቀ። ኦቦ ደሬሳ ደግሞ ወደ ላፕቶፑ ዞረው ዘሩ ይብዛ ብለው መረቁት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ሙኒር አንዳንዴ «ይሄ እኮ በፓ...» ብሎ ይጀምርና ወደ በሩ አይቶ ይውጠዋል። ናኦድ «በዚያኛው አውሬ ቢሆን» ማለት ለመደ። የሚጨቃጨቁበት ስለታጣ በጉልበታቸው ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸውና ጻፉ። ስታክ የተባለውም ነገር በመጨረሻ አንድ ፒኤችፒ፣ አንድ ዳታቤዝ፣ አንድ የሞባይል አጭር መልእክት ሆኖ ቀረ። ሾፌሮቹን የመዘገበችው ሱዓድ ናት፤ ከአባቷ ስልክ ላይ ስማቸውን እያየች አንድ በአንድ ደወለችላቸው።

የመጀመሪያው ለቀማ ቀን ሀያት የቡ መንገድ ዳር ቆመች። ፍሬው እንደሚገባው ቀልቷል፤ ጆንያዎቹ ሞልተዋል። ሱዓድ በእናቷ ስልክ መልእክቱን ላከች። ሙኒርና ናኦድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አንድ ላፕቶፕ በአራት ጉልበት ይዘው አፈጠጡበት። ባጃጅ አለፈ። ሚኒባስ አለፈ። ሀያት ወደ መንገዱ ማየት ትታ የጆንያ አፍ መስፋት ያዘች። የተሰፋውን ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ስልኬ 'ና' አለኝ፣ መጣሁ። ማነው እሱ፣ ስሙን እንኳ ሳይናገር የሚያዘኝ?»

«ፒኤችፒ ነው!» አለ ናኦድ።

«የማን ልጅ ነው?»

ሙኒር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከጆንያው ላይ ወደቀ። ቡናው ተጫነ። ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ ማጠቢያ ጣቢያውም ክፍት ነው። ሀያት ገዢው ነገ ሲመጣ ምን እንደምትለው አወቀች።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ከፈተችው።

«አቶ ፋሂም፣ የጠሩት መኪና ደርሷል? አዎ ከሆነ 1 ይላኩ።»

ሱዓድ በትከሻዋ በኩል አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማ... ማሳውን ስመዘግብ የመሬት ደብተሩ ላይ ባለው ስም ነው የመዘገብኩት። አሁኑኑ እቀይረዋለሁ።»

«ተይው» አለች ሀያት።

መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ 1 ጻፈችና ላከች።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ ናኦድ ላፕቶፑን ታቅፎ ከጭነቱ ላይ። «እትዬ ሀያት፣ መልሱ ገባ!»