የሲሪል የቀብር ፎርማጆ

በእኛ ሸለቆ ሰው ሲያገባ የቀብሩን ፎርማጆ ያስቀምጣል። አትሳቁ፣ ደንብ ነው። ሙሽራው ከላሞቹ ወተት አንድ ትልቅ ክብ ፎርማጆ ይሠራል፣ ስሙን ቅርፊቱ ላይ ይቀርጻል፣ ከዚያ ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ፎርማጆው እንደ ድንጋይ እየጠጠረ ባለቤቱን ይጠብቃል። የቀብሩ ዕለት ይወጣና ሚስቲቱ ትቆርሰዋለች፣ ቀባሪው ይበላዋል። ባለቤቱ በቁሙ ከቀመሰው ግን ነውር ነው። የራሱን ተዝካር የበላ ይሉታል፣ እስከ ልጅ ልጅ መቀለጃ ይሆናል።

ወንድሜ ሲሪል ደግሞ ሥራውም ፎርማጆ ነበር። በጋውን ተራራ ላይ ከላሞች ጋር ከርሞ በመስከረም ሲወርድ ጢሙ ሳይቀር ወተት ወተት ይላል። ሾርባው ውስጥ ፎርማጆ ካልገባ «ምነው፣ ቤቱ ውስጥ የታመመ አለ እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በኋላ የታመመው እሱ ሆነ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው አሉት፤ ሲደረስበት አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

ሚስቱ ማርስሊን የዋዛ ሴት አይደለችም። የምትወደውን ሰው አንቃ የምትወድ ዓይነት ናት። ወተትና የወተት ነገር ያንን በሽታ ይቀልበዋል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አነበበች፣ በቃ፣ በማግስቱ ቅቤው፣ እርጎው፣ ፎርማጆው ሁሉ ተጠራርጎ እኔ ቤት መጣ። ግድግዳ ነው የምንጋራው። እንኳን ድምፃቸው፣ ማንኪያቸው ይሰማኛል።

ከተማ እሱን ወደምታክመው ሐኪም ሦስታችንም ወረድን። ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ናት፣ ረጋ ብላ አስረዳችን። «ወተት መቀነሱ አይጎዳውም። ቀንሱ የሚል ጥናትም አለ፣ የለም የሚልም አለ። ፎርማጆ መተው ግን መድኃኒት አይደለም። የአጃ ወተት ከሰጡት ካልሲየም የተጨመረበት ይሁን፣ ለካንሰሩ የሚወጋው መርፌ አጥንት ያሳሳል» አለች። ማርስሊን ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ቀንሱ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ጾም ገባ። ፋሲካ የሌለው ጾም። ጠዋት የአጃ ወተት፣ ማታ የአልሞንድ ወተት። ካሹ የሚሉትን ለውዝ ዘፍዝፋ፣ ፈጭታ፣ እሱ ፎርማጆ ያጠልልበት በነበረው ጨርቅ አጥልላ «ፎርማጆ» ብላ አቀረበችለት። እኔም ነበርኩ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

ሲሪል አላመጠ፣ አላመጠ። «ነጭ ነው» አለ።

«ጣዕሙን ነው የጠየቅኩህ!»

«እሱን ገና እየፈለግኩት ነው።»

ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሲሪል እጇን ያዘና በእናታችን መቃብር ማለላት፤ የወተት ዘር አልነካም ብሎ። ለእኔ ለብቻዬ «እንዳልሞትባት ነው እኮ እንዲህ የምትለፋው፣ እንዴት እምቢ እላታለሁ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። የደም ምርመራው ቁጥር ወረደ። ሐኪሟ መርፌው ነው አለች፣ ማርስሊን የአጃ ወተቴ ነው አለች፣ ሲሪል ሁለቱንም አመሰገነ። በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ግን ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም እንዲህ ይሆናል፣ ሌላ እንሞክራለን አለች ሐኪሟ። ማርስሊን ልትሰማ ነው? ሲሪል በየቀኑ ምድር ቤት እየወረደ እንደሚቆይ ታውቃለች። አንድ ቀን ከደረጃው አናት ላይ ጠበቀችው።

«እጅህን አምጣ» አለችና አሸተተችው። «ይኸው! ፎርማጆ ይሸታል።»

«ወልውዬው መምጣቴ ነው። ካልተወለወለ ይነቅዛል።»

«በየቀኑ? ያን ያህል ሰዓት? ኩባያህስ የት ሄደ? ሰማያዊው?»

«እንጃ፣ ጠፋ።»

«ሁሉም ነገር ይጠፋል እዚህ ቤት! የቀብርህን ፎርማጆ እየበላህ ነው አይደል?»

«ማርስሊን፣ አልነካሁትም። ምዬልሽ የለ?»

እኔ አላስቻለኝም። «ውረጂና እዪዋ! ደረጃው ራቀሽ?» አልኳት።

«አልወርድም! እሱን ነገር ካየሁ ሬሳውን ያየሁ ነው የሚመስለኝ።»

«እሺ እኔ ልውረድልሽ።»

«አንቺማ እኅቱ ነሽ እትዬ ሉዲቪን። ፍርፋሪ ባይቀረውም ሙሉ ነው ትይኛለሽ።»

እውነቷን ነው፣ እል ነበር። ሲሪልን አምጣውና አሳያት እንዳልለው ደግሞ ፎርማጆው ከቀብር በፊት አይወጣም፤ እሱ ደግሞ ደንብ አይሰብርም። የበረዶውን ክረምት እንዲሁ አኮረፈችው። አጃውን ታቀርባለች፣ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ ፊቷን ግን አትሰጠውም። እሱ «አመሰግናለሁ ማርስሊን» ይላል፣ እሷ ሳህኑን ታነሣለች። በግድግዳው ማዶ ሆኜ ያንን ዝምታ መስማት ያመኝ ነበር።

በየካቲት ከአልጋው ሲነሣ የዳሌው አጥንት ቋ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሐኪሟ ካንሰሩ ነው የበላው አለች። ማርስሊን ግን ነገሩ ዞረባት። ያቺ ቆፍጣና ሴት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ትነጫለች።

«እኔ ነኝ! ወተት ከልክዬው አጥንቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ! ምሎልኝ ነበር እኮ። ቃሉን ጠብቆ ከሆነስ፣ እትዬ? እኔ ያልኩትን ብቻ በልቶ ከሆነስ? ታዲያ የገደለው የኔ ምግብ ነዋ!»

«በሽታው ነው አንቺ ሞኝ፣ ምግብሽ አይደለም» ብላት፣ ሐኪሟም በስልክ ብትነግራት ወይ ፍንክች። እህል መቅመስ ተወች። ሲሪል በተከፈተው በር ይህን ሁሉ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ጠራት።

«ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አላት። «በልቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የቀብሬን ፎርማጆ። ከአምና ጀምሬ፣ ቀስ እያልኩ። የአንቺ አጃ ምንም አላደረገኝም። ሆዳም ነኝ፣ ታውቂኝ የለ።»

 ማርስሊን ብርድ ልብሱን በቡጢ መታችው። «ሌባ! በእናትህ መቃብር ምለህ! ሌባ!» አለች፤ ወዲያው አንገቱ ሥር ተሸጎጠችና ተንሰቀሰቀች። ከመኸር ወዲህ ስታቅፈው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ እኔ ተንጨረጨርኩ። ስንት ተሟግቼለታለሁ!

«አንተ ዓይነ ደረቅ! ጠበቃህን ነው የምታዋርደው?» አልኩት።

ከትራሱ ሥር የምድር ቤቱን ቁልፍ አወጣ። «አልነካሁትም ሉዲቪን። አንቺ ቁረጪልኝ።»

«ምን አልክ?»

«የቀብሬ ዕለት ስትቆርሰው ሙሉ ሆኖ ካገኘችው ሐዘኑ ይገድላታል። በልቶ ሞተ ትበል።»

«መንደሩስ? የራሱን ተዝካር በላ ሲሉህ? አንተን? ፎርማጆ ሠሪውን?»

«እኔ እንደሆን አልሰማቸውም። እሷ ግን እዚሁ ናት» አለኝ። ከዚያ ደከመው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ሐሙስ ዕለት ሞተ። ማርስሊን ቄሱን ልታናግር ስትወጣ ትልቁን ቢላ ይዤ ወረድኩ። ፎርማጆው ምን የመሰለ! ተወልውሎ ያበራል፣ ስሙ ላይ አቧራ የለም። ዙሪያውን በእጄ ዳሰስኩት፣ አይጥ እንኳ አልነካውም። ፊት ለፊቱ በርጩማ አለ፣ በርጩማው አጠገብ ሰማያዊው ኩባያ። ውስጡ የደረቀ የአጃ ወተት። ገባኝ። ወንድሜ እዚህ እየወረደ ፎርማጆውን ያሸታል፣ አጃውን ይጠጣል። ሽታው ነበር የሚያወርድለት። እኔ ነኝ ያለው ሰው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳይቀምስ ይነሣ! ኩባያውን ታቅፌ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ቆረጥኩ። ቢላው አልገባ እያለኝ፣ የወንድሜን ገላ የምቆርጥ እየመሰለኝ፣ አንዲት ቀጭን ቁራጭ አወጣሁና ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ። የተቆረጠው ቦታ አዲስ እንዳይመስል የቅርፊት ብናኝ አሸሁበት። ቁራጯን ምን ላድርጋት? መብላት አልሆነልኝም፣ መጣል አልሆነልኝም። ሬሳው ሳጥን ውስጥ ሲገባ በኮቱ የደረት ኪስ ከተትኳት። ድርሻው ናት።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ማርስሊን ልትስመው ጎንበስ አለች፣ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ፣ አፏ ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ ሸተተሽ? አሁንም ይሸታል! ሌባ። የኔ ሌባ።»

«ሸተተኝ» አልኳት።

ከቀብር መልስ ፎርማጆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ተቆርጦ የወጣው ቦታ ለሁሉም ይታያል። ተራራ ላይ አብሮት የኖረው ሽማግሌው ኦሬሊያን «ሲሪል? ሲሪል ይህን አደረገ?» ብሎ ሳህኑን ገፋ።  ማርስሊን ቢላውን አነሣች። «የራሱ ነው! ላቡ ነው! የማይበላ በሩ ያው!» አለችና ከሌላው ጎን መቁረስ ጀመረች። ሁሉም በሉ። ኦሬሊያንም በላ፣ ግን ቀና ብሎ አላየንም። የወንድሜ ስም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲረክስ አየሁ፣ ዝም አልኩ።

ሰው ሁሉ ሄደ። ማርስሊን ከተረፈው ፎርማጆ ፊት ተቀምጣ ጣቷን እኔ የቆረጥኩበት ቦታ ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ መልሳ ከተተች።

«እትዬ» አለችኝ፣ ድምጿ ተለውጧል። «ዓመት ሙሉ የበላው ይቺን ናት? ይቺን ብቻ?»

«ቀስ እያልኩ ብሎሽ የለ» አልኳት።

«ጣቴን እንኳ አትሞላም። ይቺ ሰው ትገድላለች? ለይቺ ብዬ ነው ክረምቱን ሙሉ ያኮረፍኩት?»

አጠገቧ ተቀምጬ ትከሻዋን ያዝኩ። ምነው ያን ቀን እጄ ደፍሮልኝ ጨምሬ በቆረጥኩ።