የት ነዎት፣ ጌታዬ?

ሥራዋ ሰው ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አንድ ደንበኛ ከዚህ በፊት ባልነካው ኮምፒውተር የኢንተርኔት መለያውን ሲከፍት፣ እሷ ስክሪን ላይ ሁለት ነጥቦች ይበራሉ፤ ቀዩ ኮምፒውተሩ ያለበት፣ ሰማያዊው የደንበኛው ስልክ ያለበት። ከዚያ ትደውልና የት እንዳለ ትጠይቀዋለች። አፉና ነጥቦቹ ከተስማሙ ታሳልፈዋለች። ሁለት ጊዜ ከሳተ መለያው ይቆለፋል፤ ለማስከፈት ሳምንት ይፈጃል።

ቀትር ሲቃረብ የገዛ ባሏ ስም መጣባት።

ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በዚሁ መለያ ገብቶ የሥራ ፈቃዱን የሚያድስበት ድረ ገጽ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሰዓቱ ካለፈበት ዓመቱን ሙሉ ሥራ የለም። ጠዋት ጫማውን እያሰረ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ነግሯታል። መጋዘን ውስጥ መብራት ሲዘረጋ እንደሚውልም ነግሯታል። ነጥቦቹ ግን ተደራርበው የተቀመጡት ልብስ ሰፊዋ ቤት ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ማለት ከሷ በፊት ቀለበት ያሰረላት ሴት ናት።

ደንቡ የዘመድ ጉዳይ ሲመጣ ለሌላ አስተላልፉ ይላል። አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች፤ ነገር ግን አፏ ስለማያርፍ "ራዲዮ" ነው የሚሏት። ለራዲዮ ከመስጠት አደባባይ ወጥቶ መለፈፍ ይሻላል። ራሷ ደወለች።

"ሃሎ፣ ከማረጋገጫ ክፍል ነው። አሁን የት ነዎት፣ ጌታዬ?"

ድምጿን ለይቶታል።

"እንዴ፣ አንቺ ነሽ? መጋዘን ነኛ! የት እሆናለሁ?"

ለሚስቱ ያዘጋጀውን ውሸት ለማረጋገጫው ሰጠው።

"መልስዎ አልተስማማም። አንድ ዕድል ይቀርዎታል።"

"ተይ ቀልድሽን። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ። እኔ መሆኔ ጠፍቶሽ ነው?"

"ጥሪው ይቀዳል፣ ጌታዬ።"

ከጀርባው የስፌት መኪና ይንኳኳል። መኪናው ቆመና አንድ የሴት ድምፅ "ምን አለች?" አለ፤ ልክ የሦስቱም ጉዳይ እንደሆነ ሁሉ። ጣቷን "ቆልፍ" የሚለው ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ እንደገና ቢዋሽ ደንቡ ከሷ ጋር ነው፤ ማንም አይጠይቃትም።

"የማን ነው?" አለች ራዲዮ አንገቷን አስግጋ። "ፊትሽ በርበሬ መሰለ'ኮ!"

"የአንድ ውሸታም።" ወደ ስልኩ ተመለሰች። "ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት። የት ነዎት?"

"እሷ ቤት ነኝ። የኛ ኮምፒውተር እንደተበላሸ ታውቂያለሽ። ብነግርሽ ሰማይ ትደፊብኛለሽ ብዬ ነው።"

"ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ጠፋ?"

"አሁን አሳልፊኝ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።"

አፉና ነጥቦቹ ተስማምተዋል። ቢያንገበግባትም አሳለፈችው።

"አሁኑኑ ሞልቼ እወጣለሁ፣ እናቴ ትሙት!" አለና ዘጋ።

ደንበኛው ካለፈ ፋይሉ ወዲያው መዘጋት አለበት። አልዘጋችውም። ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲሆን ቀዩ ነጥብ ጠፋ፤ ጨርሷል ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከሩብ። ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም።

"ዝጊው እንጂ፣ አለቃ ቢያይሽስ?" አለች ራዲዮ።

ዘጋችው፤ ቦርሳዋንም አነሳች። "ምሳ ወጥቻለሁ።"

የደንበኛ አድራሻ ገልብጦ መውጣት ከሥራ ያስባርራል። እሷ መገልበጥ አላስፈለጋትም። ከተጋቡ ወዲህ የልብስ ሰፊዋን በር ከመንገዱ ማዶ ቆማ ስንት ጊዜ እንዳየችው የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። ዛሬ ግን ታንኳኳዋለች።